የሮከር ባዮግራፊ ገዝታችሁ እንዳትቃጠሉ (ከተቃጠላችሁስ ምን ይሻላል?)

የምትወዱትን ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ 400 ገጽ አንብባችሁ ጨርሳችሁ ስለ ሰውየው የምታውቁት ነገር ዊኪፔዲያ ላይ ካለው ፈቀቅ ካላለ ያው ተበልታችኋል። እኛ አገር ደግሞ የሚያቃጥለው ብሩ ብቻ አይደለም፣ መጽሐፉ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ "ኪሎ ሞልቶብኛል እኮ" እየተባለ በልመና የመጣ ነው፣ መልሶ መላክ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ማጣራቱ ከመግዛት በፊት መሆን አለበት፣ እሱ እንዴት እንደሚደረግ ነው የምጽፍላችሁ፣ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ለተቃጠላችሁትም ወደ በኋላ ላይ የሆነ ነገር አለ።

ምሳሌ የማደርገው ፍሬዲ መርኩሪን ነው፣ ኩዊን የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ዘፋኝ። አንደኛ እሱ ላይ የተጻፈው መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፣ ሁለተኛ ሰውየው ኢንተርቪው ብዙ የማይወድ፣ ግለ ታሪክም ሳይጽፍ 1991 ላይ በ45 ዓመቱ የሞተ ስለሆነ ሁሉም የየራሱን ፍሬዲ ነው የሚሸጥላችሁ፣ ሦስተኛ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ እኛም አለንበት፣ እሱ ጋ እደርሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ማን አወራ፣ ማን ዝም አለ

ሽፋኑ ላይ ሁሉም "እውነተኛው ታሪክ"፣ "እስከዛሬ ያልተነገረው" ይላል፣ እሱን ተዉት። የሚጠቅመው ጥያቄ ለደራሲው ማን አወራለት ማን አላወራለትም የሚለው ነው፣ የመጽሐፉ ጸባይ እዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።

ባንዱ ወይም ቤተሰቡ ፈቅዶ የተጻፈ ከሆነ ፎቶው ያምራል፣ ቀኑ ልክ ነው፣ ሰነዱ አለ፣ ግን ፈቃድ የሰጠው ሰው የማይወደው ምዕራፍ ወይ አይኖርም ወይ በአንድ አንቀጽ ያልፋል። ፍሬዲ ከሞተ በኋላ 1992 ላይ በኩዊን ይሁንታ የወጣው የባንዱ ታሪክ እንደዚህ ነው፣ የትኛው ዘፈን መቼ ተቀዳ ለሚለው አሪፍ ነው፣ እንባ ፈልጎ የገዛው ሰው ግን ምን ያድርግበት። ፈቃድ ሳይኖረው የተጻፈ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ደራሲው የተባረረ ማኔጀር፣ የድሮ ጎረቤት፣ የተጣላ ጓደኛ ሁሉ እያሳደደ ያናግራል፣ ወሬው ይጣፍጣል ግን ግማሹን ማን እንዳረጋገጠው አታውቁም። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ላይ የዘፈኑ ግጥም ብዙ ጊዜ ተጠቅሶ አታገኙም፣ ብዙ አንባቢ "ስለ ዘፈኑ እያወራ አንድ ስንኝ እንኳን አይጠቅስም እንዴ" ብሎ ይናደዳል፣ ምክንያቱ ግጥም ለመጥቀስ የመብቱን ባለቤት ማስፈቀድና መክፈል ስለሚያስፈልግ ነው፣ ያልፈቀደላችሁ ሰው ደግሞ ግጥሙንም አይፈቅድም።

ሦስተኛው ዓይነት አብሮት የኖረ ሰው የጻፈው ነው። ጂም ሃተን የፍሬዲ ፍቅረኛ ነበር፣ ኬንሲንግተን ያለው ጋርደን ሎጅ የሚባለው ቤቱ ውስጥ እስከመጨረሻው አብሮት የኖረ፣ 1994 ላይ መጽሐፍ አወጣ። ፒተር ፍሪስቶን ደግሞ የግል ረዳቱ ነበር፣ ከዚያ በፊት ሮያል ኦፔራ ሃውስ የአልባሳት ክፍል የሠራ፣ 12 ዓመት ገደማ ከፍሬዲ ጋ ቆይቶ እሱም ጻፈ። እነዚህ ሁለቱ ላይ የምታገኙት ድመቶቹን፣ የአትክልት ቦታውን፣ ግብዣውን፣ ኩርፊያውን፣ የኤድስ ሕመሙን ነው። ቦሂሚያን ራፕሶዲ ስቱዲዮ ውስጥ እንዴት እንደተሠራ ከሃተን የሚጠብቅ ሰው ግን ምን እያሰበ ነው? ዘፈኑ 1975 ነው የወጣው፣ ሃተን ደግሞ የሰማንያዎቹ ሰው ነው። "ሙዚቃ የለበትም" ብሎ አንድ ኮከብ የሚሰጥ አንባቢ የተሳሳተ መጽሐፍ ነው የገዛው፣ መጽሐፉ አልዋሸውም።

2006 ላይ ደግሞ "በራሱ አንደበት" የሚል ዓይነት ርዕስ ይዞ የወጣ አለ። ርዕሱን ያየ ሰው ፍሬዲ ቁጭ ብሎ የጻፈው ይመስለዋል፣ ግን ከድሮ ኢንተርቪዎቹ እየተለቀመ የተደረደረ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ሰውየው በጣም ያስቃል፣ ቢሆንም ጋዜጠኛ ፊት ያለ ፍሬዲ መድረክ ላይ እንዳለው ፍሬዲ ሾው ላይ ነው፣ ኑዛዜ አትጠብቁ።

አምስተኛው፣ ከሁሉም የሚያናድደው፣ ማንንም ሳያናግር ከጋዜጣና ከሌሎች መጽሐፎች ተቀድቶ የተሰፋ ነው። ዘፋኝ በሞተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሱቅ ላይ የሚታየው አብዛኛው ይሄ ነው። አትንኩት።

የሞተ ሰው አይከስም

ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በእንግሊዝም በአሜሪካም ሕግ የሞተን ሰው ስም አጥፍተሃል ተብሎ የስም ማጥፋት ክስ አይመሠረትም። ስለዚህ ዘፋኙ በሕይወት እያለ ጠበቃ የሚሰርዘው ገጽ ሁሉ ከሞተ በኋላ ይታተማል፣ አንዳንዱ እውነት ሆኖ በፍርሃት የተደበቀ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ቆሻሻ ነው። አሜሪካዊው ሮከር ኤልቪስ ፕሬስሊ 1977 ሞተ፣ አራት ዓመት ቆይቶ 1981 ላይ አልበርት ጎልድማን የጻፈበት ወፍራም መጽሐፍ ወጣ፣ አድናቂዎቹን ብቻ ሳይሆን ሃያሲዎችንም ነው ያስቆጣው፣ ምክንያቱም ደራሲው ኤልቪስን ብቻ አይደለም የናቀው፣ ኤልቪስ የወጣበትን የአሜሪካ ደቡብ ደሃ ሕዝብ ጭምር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ለመለየት አንድ ገጽ በቂ ነው፣ ሰውየው ምን አደረገ ከሚለው ይልቅ ምን ያህል አስቀያሚ ነበር የሚለው ከበዛ ዝጉት።

እዛው ኤልቪስ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የፒተር ጉራልኒክ ሥራ ብዙ ሰው ምርጥ የሚለው ነው፣ እኔም እስማማለሁ፣ ግን ሁለት ቅጽ ነው፣ አንደኛው 1994 ሁለተኛው 1999 የወጣ፣ የመጀመሪያው 1958 ላይ እናቱ ሞታ እሱ በውትድርና ወደ ጀርመን ሲሄድ ያበቃል። ላስ ቬጋስ የለም፣ ነጩ ልብስ የለም፣ ሞቱ የለም። የመጀመሪያውን ብቻ ገዝቶ "መጨረሻው የት ሄደ" የሚል ሰው ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት አላየም ማለት ነው። ወፍራም የሮክ መጽሐፍ ስታዩ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ቼክ አድርጉ።

ከኋላ ጀምሩ

መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ ወይም ሳምፕሉ ኢንተርኔት ላይ ካለ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ መጨረሻው ገጾች ነው። ምስጋናው ላይ እነማን ተጠቅሰዋል? የባንዱ አባላት፣ እህቱ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ የድምፅ ባለሙያው? ወይስ "ለሚስቴና ለድመቴ" ብቻ? ከዚያ የምንጭ ማስታወሻ አለው ወይ፣ እያንዳንዱ ንግግር ከየት እንደመጣ ይናገራል ወይ። ከዚያ ከጀርባ ያለው በፊደል ቅደም ተከተል የተደረደረው የስም ማውጫ፣ እሱ የሌለው ትልቅ ባዮግራፊ ያጠራጥራል።

ውስጡን ስታገላብጡ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ካያችሁ ተጠንቀቁ፦ "ፍሬዲ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ዝናቡን እያየ እናቱን አሰበ።" ለማን ነገረው? ብቻውን ነበር እኮ። ልብ ወለድ ከሆነ ልብ ወለድ ነኝ ይበል።

ትላልቅ ምስጢሮች ላይም ያው ነው ጥያቄው። 2025 ላይ ፍሬዲ በድብቅ የወለዳት ልጅ አለችው፣ በእጁ የጻፋቸው ደብተሮችም ለሷ ትቶላታል የሚል መጽሐፍ ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። ከሰውየው እስከ ሞቱ ያልተለየችው የድሮ ፍቅረኛው፣ ቤቱን ያወረሳት ሜሪ ኦስቲን ደግሞ ስለ እንደዚህ ዓይነት ነገር የማውቀው የለም አለች። እዚህ ላይ ወገን መያዝ አያስፈልጋችሁም፣ ደብተሮቹን ከደራሲዋ ሌላ ማን አያቸው፣ ጽሑፉን ማን መረመረው ብላችሁ መልሱን መጽሐፉ ውስጥ ፈልጉ፣ ካላገኛችሁ እንደ ወሬ አንብቡት፣ ወሬ ማንበብም ኃጢአት አይደለም፣ ብቻ የወሬ ዋጋ ክፈሉ።

የላይቭ ኤድ ቴስት

አሁን ዋናው። ደራሲው ምን ያህል እንደቆፈረ ለማወቅ እናንተ በደንብ የምታውቁትን አንድ ክስተት ምረጡና በማውጫው በኩል በቀጥታ እዚያ ገጽ ግቡ። የማታውቁት ነገር ላይ ሁሉም ደራሲ ሊቅ ይመስላል፣ የምታውቁት ላይ ነው የሚጋለጠው። ለኛ ደግሞ ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ ከተሰበሰበበት ከላይቭ ኤድ ኮንሰርት የተሻለ መፈተኛ የለም፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (በነሱ ጁላይ 13፣ 1985)፣ ለንደን ዌምብሌይ 72 ሺህ ገደማ ሰው፣ ፊላደልፊያም በተመሳሳይ ሰዓት ሌላ ስታዲየም፣ ኩዊን 21 ደቂቃ አካባቢ ተጫውተው ቀኑን ጠቅልለው ወሰዱት። የፍሬዲ መጽሐፍ ሆኖ ይሄን ምዕራፍ የሌለው የለም።

መጀመሪያ የምታዩት ኮረም የሚለው ስም አለ ወይ የሚለውን ነው። ኮንሰርቱ ከሰማይ አልወረደም፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (በነሱ ኦክቶበር 23፣ 1984) ቢቢሲ የማይክል ቡርክን ዘገባ ከኮረም አሳየ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር (ይሄው ሰው 1996 ላይ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ፣ የሱ ሕይወት ራሱ ከብዙ ሮከር የበለጠ መጽሐፍ ይወጣዋል)፣ ያን ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነው በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ላይ የገና ዘፈኑን ቀጥሎም ኮንሰርቱን ያስነሳው። ብዙ የፍሬዲ መጽሐፍ ላይ ይሄ ሁሉ "በአፍሪካ ለተከሰተው ረሃብ" ተብሎ በአንድ ሐረግ ያልፍና ስለ ነጭ ካናቴራው ሁለት ገጽ ይጻፋል። የኢትዮጵያን ታሪክ ይጻፉልን አላልኩም፣ የዘፋኝ መጽሐፍ ነው፣ ግን ድርቁ ላይ ጦርነት እንደነበረ፣ መንግሥቱ ደርግ እንደነበረ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ሰው ሌላውንም ምዕራፍ እንዲሁ በላይ በላዩ ነው የነካካው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም። በነገራችን ላይ ከሮከሮቹ መሐል መጥቶ ያየም አለ፣ የዩቱ ባንድ ዘፋኝ ቦኖ ከባለቤቱ ጋ በዚያው 1985 ወሎ አጅባር ድረስ ሄዶ ሠርቷል፣ ስለሱ የሚወጣ መጽሐፍ ላይ አጅባርን ፈልጉ።

ሁለተኛው፣ መጽሐፉ ባንዱ ተበትኖ ነበር፣ ለላይቭ ኤድ ነው እንደገና የተሰባሰበው ካለ፣ ይሄ ቦሂሚያን ራፕሶዲ የሚባለው የ2018ቱ ፊልም ፈጠራ ነው። ኩዊን 1984 አልበም አውጥተዋል፣ ጃንዋሪ 1985 ሪዮ ላይ ለሚያስደነግጥ ሕዝብ ተጫውተዋል፣ የዓለም ቱራቸውን ጃፓን ላይ የጨረሱት ሜይ 1985 ነው፣ ከዌምብሌይ ሁለት ወር በፊት ማለት ነው። ተኮራርፈው ሊሆን ይችላል፣ ተለያይተው ግን አልነበረም። ፊልሙ ፍሬዲ ሕመሙንም ከላይቭ ኤድ በፊት ለባንዱ ሲናገር ያሳያል፣ ሃተን ግን ምርመራውን 1987 ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከፊልሙ በኋላ የታተመ መጽሐፍ የፊልሙን ቅደም ተከተል ከደገመ ደራሲው ሶፋ ላይ ሆኖ ነው የጻፈው።

ሦስተኛው ትንሽ ጨከን ያለ ነው። ኦክቶበር 1984 ኩዊን የት ነበሩ? ደቡብ አፍሪካ፣ ሳን ሲቲ የሚባለው መዝናኛ። አፓርታይድ ገና ቀጥ ብሎ በቆመበት ጊዜ፣ የባህል ማዕቀቡን ጥሰው፣ በእንግሊዝ የሙዚቀኞች ማኅበር ተቀጡ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጥቁር መዝገብ ውስጥም ገቡ። የኮረም ዘገባ የወጣበት ያው ወር ነው እንግዲህ። እኔ ፍሬዲን የምወደው ይሄን እያወቅኩ ነው፣ ማንም እንዲጠላው አልፈልግም፣ ግን ሳን ሲቲን የዘለለ ወይም "ትንሽ ውዝግብ" ብሎ ያለፈ መጽሐፍ የአድናቂ መጽሐፍ ነው፣ የተገኘውን ገንዘብ፣ የባንዱን "እኛ ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም" ዓይነት መልስ፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ለኢትዮጵያ የተዘፈነውን አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያሳይ ካገኛችሁ ግን ግዙት።

ተጨማሪ ቴስት ከፈለጋችሁ ዛንዚባር አለ። ፋሩክ ቡልሳራ ተብሎ 1946 ስቶን ታውን ከፓርሲ (ከሕንድ ዞራስትራውያን) ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ነው፣ በስምንት ዓመቱ ሕንድ ፓንችጋኒ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፣ የ1964ቱ የዛንዚባር አብዮት ሲመጣ ቤተሰቡ ሸሽቶ ለንደን ዳር ፌልታም ገባ። ከ45 ዓመት ዕድሜው 17ቱ ማለት ነው። ገጽ 15 ላይ ለንደን የደረሰ መጽሐፍ ደራሲው የአውሮፕላን ትኬት ቆጥቧል።

ሪቪው ሲነበብ

አምስት ኮከቡንና አንድ ኮከቡን እለፉ፣ አምስቱ ዘፋኙን ስለሚወድ ነው፣ አንዱ ጥቅሉ ተቀዶ ስለመጣበት ነው። ሦስት ኮከብ የሰጠውን አንብቡ፣ እሱ ነው ምን እንዳገኘና ምን እንደጎደለው የሚናገረው። "ብዙ ድግግሞሽ"፣ "ከሌላ መጽሐፍ የተቀዳ"፣ "ደራሲዋ ስለራሷ ነው የምታወራው" የሚሉት በተለያየ ሰው ከተደጋገሙ እመኑ። ይሄ የመጨረሻው በሮክ ጋዜጠኞች ላይ በጣም የተለመደ በሽታ ነው፣ ከዘፋኙ ጋ አንድ ምሽት ጠጥቶ ሦስት ምዕራፍ የሚያወጣበት አለ።

ተቃጥላችሁ ከሆነ

መጀመሪያ ቃጠሎው ከመጽሐፉ ነው ከሰውየው የሚለውን ለዩ። ጣዖታችሁ ገንዘብ ላይ ጨካኝ፣ ፍቅር ላይ አታላይ ሆኖ ስላገኛችሁት ከሆነ የከፋችሁ፣ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል፣ ኮከብ አትቀንሱበት። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሞሪሲ 2013 ያወጣው ግለ ታሪክ ላይ የሚቀርበው ስሞታ በምዕራፍ አልተከፈለም፣ ከድሮ ባንዱ ከበሮ መቺ ጋ የነበረው የፍርድ ቤት ጉዳይ አያልቅም የሚል ነው፣ እውነት ነው አያልቅም፣ እኔም መሐል ላይ ደክሞኛል፣ ግን ሰውየው ያ ነው፣ ቂሙን በገጽ ብዛት እያሳያችሁ ነው፣ እንደዛ ብላችሁ ብታነቡት ይቀላል።

ስህተቱ የመጽሐፉ ከሆነ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ማውጫው ላይ የሚያጓጓችሁን አልበም፣ ሰው፣ ከተማ ፈልጋችሁ እነዚያን ገጾች ብቻ ልቀሙ፣ በጣም መጥፎ ባዮግራፊ እንኳን አንድ ጥሩ ኢንተርቪው አያጣም። ኢ-ቡክ ከሆነ ብዙ ሳትገፉ መልሱት፣ መመለሻ ጊዜው አጭር ነው፣ ግማሹን አንብባችሁ ብትጠይቁም አይሰሟችሁም። ወረቀት ከሆነ አሮጌ መጽሐፍ ለሚነግዱት ልጆች በሌላ ቀይሩት፣ የሮክ መጽሐፍ ፈላጊ አለው፣ ሽፋኑ ላይ የታወቀ ፊት ካለ ደግሞ ባትከራከሩም ይሄድላችኋል።

ሪቪው ከጻፋችሁ "እንደጠበቅኩት አይደለም" ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፣ ምን ጠብቃችሁ ምን አገኛችሁ የሚለውን ጻፉት፣ ስህተት ካገኛችሁ ገጹን ጥቀሱ። "የላይቭ ኤድ ምዕራፍ ላይ ኢትዮጵያ አንዴ ብቻ ተጠርታለች፣ ሳን ሲቲ ጭራሽ የለም" የሚል ሁለት መስመር ለሚቀጥለው ገዢ ከረጅም እሮሮ ይሻለዋል። ደራሲዎችም ያነቡታል፣ ሁለተኛ እትም ሲወጣ ስህተት የሚታረምበት ጊዜ አለ።

ፍሬዲን ከዜሮ ለምትጀምሩ ደግሞ የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የዌምብሌዩን 21 ደቂቃ ዩቲዩብ ላይ እዩት፣ የ1975ቱን አልበም (A Night at the Opera) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት፣ ከዚያ ፍሪስቶን፣ ከዚያ ሃተን፣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ኖረው አንዱን ሰው የሚያዩበት ዓይን ስለሚለያይ ተከታትለው ቢነበቡ ነው የሚጥሙት፣ ሦስተኛ ሰው የጻፈውን ወፍራሙን በመጨረሻ። ፍሪስቶን ላይ ስለ ግዢና ስለ ግብዣ የሚረዝምበት ቦታ አለ፣ ከሰለቻችሁ ዝለሉት፣ ሕመሙ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ።